ኮምጣጤ ያልነካው ናስ

ኦገስት 24፣ 1727፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ የማኅበሩ ጠሪ ጊሊስ በሩን በዱላው መታ። ሽማግሌው ጊሊስ ሦስት ጊዜ ከመታ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ ለሌላ ጉዳይ ሲመጣ አንዴ ነው የሚመታው። ሦስት ጊዜ መታ።

«ያስፐር አርፏል። ቀብሩ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ነው» አለኝ። «ደግሞ አለቃው ያዘዙት አለ። ዘንድሮ ትኩሳቱ ስለበዛ መለያችሁን ደረቅ ሳህን ላይ አትጥሉም። ሳህኑ ኮምጣጤ ይሞላል፤ እዚያ ውስጥ ነው የምትጨምሩት።»

«ናስም ይታመማል እንዴ አባባ ጊሊስ?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ! ያሉኝን ነው የምለፈልፈው» ብሎ ወደ ሚቀጥለው በር ሄደ።

የሊቨንን መለያ ከሳጥኑ አወጣሁት። በአንድ ፊቱ በርሜልና መጥረቢያ፣ በሌላው ፊቱ «ሊቨን ያንስ 1709» የሚል ተቀርጾበታል። ባሌ ከሞተ ሁለት ክረምት አለፈ፤ እኔ ግን እስካሁን ዳቦ የምበላው መዳፍ በማትሞላው በዚህች ናስ ነው። የበርሜል ሠሪዎች ማኅበር ሃያ አራት ቦታ ብቻ ነው ያለው። በየቀብሩ እያንዳንዱ አባል መለያውን ሳህን ውስጥ ይጥላል፤ ስሙ ከተነበበ በኋላ ይመለስለታል። የሟች ሚስት መለያዋ በየቀብሩ ሳህኑ ውስጥ እስከተገኘ ድረስ የባሏን ቦታ ይዛ ትሠራለች። የሙያውን ሰው ካገባች ቦታው የአዲሱ ባሏ ይሆናል። በዓመት ሦስት ቀብር ላይ መለያዋ ከጠፋ ደግሞ ስሙ ይሰረዛል፤ የሥራ ቤቷም ይዘጋል። ይሄንን እዚህ ከተማ የማያውቅ በርሜል ሠሪ የለም።

እኛ ዘንድ ሴት ቀብር አትሸኝም። ስለዚህ መለያውን የሚወስድልኝ ክሬይን ነው፤ ዋና ሠራተኛዬ። ሊቨን በሕይወት እያለ ጀምሮ ሰባት ዓመት አብሮን ሠርቷል። እጁ ወርቅ ነው። ለቀብሩ የሊቨንን ጥቁር ካባ ቦርሼ ሰቀልኩለት።


ኦገስት 26፣ ማክሰኞ

ክሬይን ከቀብር ተመለሰ። ካባው ሊቨን ላይ ሰፊ ነበር፤ እሱ ላይ ልክ ነው።

«ጣልከው?» አልኩት።

«ጣልኩት እመቤቴ። አለቃውም ስሙን ሲያነቡ ሰማሁ።»

መለያውን መዳፌ ላይ አኖረልኝ። የኪሱን ሙቀት እንደያዘ ነው፤ ትንባሆ ትንባሆ ይላል። የሚያጨሰው የማይረባ ትንባሆ ነው፣ ስንቴ ነግሬዋለሁ። በአሬራ የተቀቀለ ገብስ አቀረብኩለት፣ ሁለት ሳህን በላ። ሦስተኛ ልጨምርልህ ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም። አሁን ሳስበው መጠየቅ ነበረብኝ።


ሴፕቴምበር 3፣ ረቡዕ

ችኮላ። የሄሪንግ ዓሣ ጀልባዎቹ ገብተዋል። እስከ ቅዳሜ አርባ በርሜል። ክሬይን ሳንቃውን እሳት ላይ ያጎብጣል፣ እኔ ቀለበቱን እየመታሁ አስገባለሁ። እጄ ተልጧል።

ጎረቤቴ ታኔከ በመስኮት አንገቷን አስግጋ «አንቺ ሴትዮ ክንድሽን ሸፈን አድርጊ! ክሬይን ሳንቃውን ትቶ አንቺን እንዳያጎብጥሽ» አለችኝ። ባሏ ሎይኒስም በርሜል ሠሪ ነው፤ የእሷ አፍ ግን ወንፊት ነው፣ ምንም አይይዝም። እንዲህ ያለ ቀልድ አልወድም። ክሬይን ግን ሳቀ። ሲስቅ ጥርሱ ያምራል፤ ለነገሩ ጥርስ ያለው ሁሉ ሲስቅ ያምራል።


ሴፕቴምበር 9፣ ማክሰኞ

ብርድ። በጠራራ ፀሐይ ብርድ። ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤ ጥርሴ ይንገጫገጫል። አሁን ደግሞ እሳት። ፊደሉ እየዘለለብኝ ነው።


ሴፕቴምበር 17፣ ረቡዕ

ዛሬ እግሬ መሬት ረገጠ። ከሲታ ሆኛለሁ። ቀሚሴ የሰው ይመስላል።

የታኔከ ባል ሎይኒስ ሞተ። እኔ አልጋ ላይ ስቃዥ እሱ ከግድግዳው ወዲያ ነፍሱ ወጣች። ከትናንት ወዲያ ቀብረውታል። ክሬይን ሲነግረኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «መለያውስ?» የሚል ነበር። ጎረቤቴ ሞቶ ስለ ናስ እጠይቃለሁ! በራሴ አፈርኩ።

«ጣልኩት እመቤቴ። እርስዎ ይረፉ» አለኝ።

መለያው ትራሴ አጠገብ ተቀምጧል። ለትኩሳት የሚሆነውን ውድ የዛፍ ቅርፊት በወይን ጠጅ በጥብጦ ያጠጣኝ ክሬይን ነው። ኩባያውን የያዘበት እጁ ትዝ ይለኛል፤ ግንባሬ ላይ ያደረገልኝ እርጥብ ጨርቅም። በትኩሳቱ መሐል ምን እንደለፈለፍኩ ግን አላውቅም። ብዙ እንዳወራሁ ይታወቀኛል፤ ጉሮሮዬ ደርቆ ነው የነቃሁት።

«ምን አልኩህ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ስለ በርሜል ነበር የሚያወሩት» አለና መሬት መሬቱን አየ። ዐይነ አፋር ነው። ሌላ ወንድ ቢሆን የታመመች ሴት የተናገረችውን መጠጥ ቤት ወስዶ ይስቅበት ነበር።

ታኔከን ገና አላየኋትም። ትንሽ ስበረታ እሄዳለሁ።


ሴፕቴምበር 21፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አዲስ የአንገት ጨርቅ ገዝቼ ነበር፣ አሮጌው ስለተቀደደ። እውነቴን ነው፣ ተቀዷል።

የማኅበሩ አለቃ ማቴውስ ከነልጁ ፊት ወንበር ላይ ነበር። ዲና ሃያ ዓመት ሆናት። ቆንጆ ልጅ ናት፤ ታውቀዋለችም። ክሬይን ሰሞኑን የእነሱን የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ሊጠግን ይሄዳል። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚያፈስስ ገንዳ አይቼ አላውቅም። የአለቃ ቤት ዕቃ ሁሉ አሮጌ ነው፤ ንፉግ ናቸው።

ታኔከ ሰላም ስላት አንገቷን ነቅንቃ አለፈችኝ። ኀዘኗ ነው።

ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ክሬይን ከሥራ በኋላ ጥግ ላይ ትንሽ የቅቤ ገንዳ እየሠራ ነው። ሳንቃዎቿ የጣት ያህል ቀጥነው የተላጉ፣ ክዳኗ ላይ ሁለት ወፎች የተቀረጹባት። ስገባ ጨርቅ ጣል አደረገባት። የልደት ቀኔ ኖቬምበር አሥራ አንድ ነው። ያላየሁ መስዬ ወጣሁ፤ ወጥ ቤት ገብቼ ግን ብቻዬን ፈገግ ስል ራሴን ያዝኩት። አርባ አንድ ዓመት የሚሞላት ሴት!


ሴፕቴምበር 30፣ ማክሰኞ

በሩ አንድ ጊዜ ተመታ። ጊሊስ ነበር። እኔ እጄ ሊጥ ውስጥ ስለነበር ክሬይን መጥረቢያውን ጥሎ ሮጦ ከፈተለት። ደጅ ላይ በዝግታ ተነጋገሩ። «እመቤቴ ገና አልዳኑም፣ አታስጨንቋቸው» ሲል ሰማሁት።

«ምን ፈልጎ ነው?» አልኩት ሲመለስ።

«ለዱላው ጫፍ የብረት ቀለበት። ሰጠሁት።»

እንዲህ የሚጠነቀቅልኝ ሰው ካጣሁ ስንት ጊዜ ሆነኝ። ሊቨን ደግ ነበር፤ ግን ከታመምኩ በኋላ ነበር መታመሜን የሚያውቀው።


ኦክቶበር 7፣ ማክሰኞ

ባዶውን ቅርጫት ጥዬ ነው የምጽፈው።

ዓሣ ገበያ ታኔከን አገኘኋት። የሎይኒስን ጥቁር ኮት በልኳ አሳጥራ ለብሳለች። «ታኔከ፣ ይቅር በይኝ፣ አልጋ ላይ ስለነበርኩ ነው ያልመጣሁት» አልኳት። ቅርጫቷን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«መታመምሽን አውቃለሁ። እሱን አልተቀየምኩም» አለችኝ። «መለያ መላክ ግን ያቅታል? ሃያ ዓመት ግድግዳ ተጋርተን!»

«ልኬያለሁ እኮ! ክሬይን ይዞት ሄዷል።»

«ክሬይንማ መጥቷል። ዳቦዬን በልቷል፣ ቢራዬን ጠጥቷል። እጁ ግን ወደ ሳህኑ አልሄደም።»

«ሰው በዝቶ ሳታይው ቀርተሽ ነው።»

ዓሣ ሻጩ ሁሉ ዞሮ ያየን ነበር። ታኔከ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሚና፣ ስሚኝ። የጊሊስ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ መለያዎቹን ከኮምጣጤው ውስጥ የለቀምኳቸው እኔ ነኝ። በዚህ እጄ። እየለቀምኩም ስሞቹን አነበብኩ፣ ባሌን ማን እንደሸኘው ማወቅ ፈልጌ። ሦስት ቀን ሙሉ ጣቴ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሲል ነበር። የሊቨን አልነበረም።»

ዓሣውን ሳልገዛ ተመለስኩ።


ኦክቶበር 8፣ ረቡዕ

መለያውን አሸተትኩት። ትንባሆ። ከሳጥኑ አውጥቼ ስንቴ እንዳሸተትኩት እኔው ነኝ የማውቀው፤ የሰፈር ውሻ መሆን ነው የቀረኝ።

ክሬይን ጠርጎት ይሆናል። ጠንቃቃ ሰው ነው። ኪሱ ውስጥ ስላዋለው የኮምጣጤው ሽታ ለቆት ይሆናል። ወይም ረስቶት፣ ነግሮኝ እንዳላዝን ብሎ ደብቆኝ ይሆናል። አንድ ቀብር ቀርቶ የተሰረዘ የለም። ታኔከም ኀዘን ላይ ናት፣ በእንባ ዐይን የተነበበ ስም ስም አይደለም።

ለምን ፊት ለፊት አልጠይቀውም? ብጠይቀውና ንጹሕ ቢሆን ሰባት ዓመት ያገለገለኝን ሰው ሌባ አልኩት ማለት ነው። ዕቃውን ሸክፎ ቢሄድስ? ዋና ሠራተኛ ከየት አመጣለሁ? ለሥራው ብዬ ነው የምፈራው።

ምሳ ላይ የጢስ ዓሣውን ወፍራም ቁራጭ ሰጠሁት። «ዛሬ ምነው ዝም አሉ?» አለኝ። «ጥርሴን አሞኝ ነው» አልኩት።


ኦክቶበር 13፣ ሰኞ

በሩ ሦስት ጊዜ ተመታ። ማሪኑስ። ቀብሩ ረቡዕ ነው።

የሠራሁት ሥራ ያሳፍራል፤ ግን ልጻፈው። የሥራ ቤቱን ጠመኔ ወስጄ አደቀቅኩና የሊቨን ስም የተቀረጸበትን ጉድጓድ ሁሉ በመርፌ ጫፍ ሞላሁት። በውሃ ጠብታ ለወስኩት፣ ሲደርቅም ፊቱን በጨርቅ ጠረግኩት። ትኩር ብሎ ላላየው የቆየ እድፍ ይመስላል። ጠመኔ ኮምጣጤ ሲነካው ይፈላና ይጠፋል። የኮምጣጤ በርሜል ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ የተሰደበ ሠራተኛ ሁሉ ይሄንን ያውቃል።

ክሬይን ሳህኑ ውስጥ ከጣለው ስሙ ባዶ ሆኖ ይመለሳል፤ እኔም በልቤ ይቅርታ ጠይቄው ለዘላለም ዝም እላለሁ። ባዶ ሆኖ ይመለስ። ጌታ ሆይ፣ ባዶ ሆኖ ይመለስ።


ኦክቶበር 15፣ ረቡዕ

ነጭ ነው።

ዝናብ ነበር፣ ካባው ርሶ መጣ። «ጣልከው?» አልኩት። «ጣልኩት እመቤቴ። የማሪኑስ ልጆች ሲያለቅሱ አንጀት ይበሉ ነበር» አለና መለያውን መዳፌ ላይ አኖረው፤ እንደ ልማዱ ሞቅ ያለ። ወጥ ቤት ገብቼ በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። ሊቨን ያንስ። እያንዳንዱ ፊደል ወተት የመሰለ ነጭ።

ዐይኔን አይቶ ነው የዋሸኝ። እንዲያውም ስለ ልጆቹ እንባ ጨመረበት። ሳህኑ አጠገብ ቆሞ፣ ናሱን ኪሱ ውስጥ በጣቱ እያሻሸ፣ ቤት ሲመለስ የሚነግረኝን እንባ ሲለቅም ታየኝ።

ነገ እጠይቀዋለሁ። ዛሬ ጉልበት የለኝም።


ኦክቶበር 16፣ ሐሙስ

ክሬይን በጠዋት «ወደብ ሳንቃ ላይ» ብሎ ወጥቷል። በሩ አንድ ጊዜ ተመታ። ራሴ ከፈትኩ። ጊሊስ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያዞረዋል።

«ልጄ፣ ለሰኞ ማኅበሩ ጠርቶሻል። መለያሽን ይዘሽ እንድትመጪ።»

«ለምን?»

«ለምን ትይኛለሽ እንዴ? ሦስተኛሽ ነው። ያስፐር፣ ሎይኒስ፣ አሁን ማሪኑስ። የሁለቱን መቀጫ ክሬይን በእጄ ሰጥቶኛል፤ 'እመቤቴ ደክሟቸዋል፣ ሥራውንም ሊተዉ ነው፣ በዚህ ነገር ባትነዘንዟቸው ደስ ይላቸዋል' ብሎኝ። እኔም ጥርስሽን ነክሰሽ የወሰንሽው መስሎኝ ዝም አልኩ።»

ያስፐርም! ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማለት ነው። ሁለት ሳህን ገብስ የበላ ዕለት!

እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ ብዬ በጠመኔ ልፈትነው ሄድኩ። የታኔከን ቃል በሰማሁ ዕለት መለያውን ቀምቼ በሌላ ሰው እጅ ብልክ ኖሮ ሁለት ላይ ይቆም ነበር። ውሸቱን በዐይኔ ማየት ስለፈለግኩ ሦስተኛውን በገዛ እጄ አስረከብኩት። ወይስ ንጹሕነቱን ማየት ስለፈለግኩ ነው? ምን ለውጥ አለው። ራሴን በጥፊ ብመታው ደስ ይለኝ ነበር።


ኦክቶበር 20፣ ሰኞ

እንደ ሆነው ልጻፈው።

የማኅበሩ ክፍል ውስጥ ግድግዳው ላይ ሃያ አራት ምስማር አለ፤ በየምስማሩ ሥር ስም። አለቃ ማቴውስ ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጠዋል። ክሬይን በመስኮቱ በኩል ቆሟል፣ በባሌ ካባ። አላየኝም። ጫማውን ነበር የሚያየው።

«ወይዘሮ ያኮሚና፣ ነገሩ አጭር ነው» አሉ አለቃው። «ሦስት ቀብር፣ ሦስት ጊዜ መለያዎ የለም። ሠራተኛዎ እንደነገረን ሥራውን ለመተው አስበዋል። ማኅበሩ ያመሰግንዎታል።»

«አላሰብኩም። ሦስቱንም ጊዜ መለያዬን ሰጥቼ ልኬዋለሁ። ኪሱ ውስጥ ይዞት ቆሞ ተመልሷል። ይኸው ጠመኔው!» ብዬ መለያውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። የጠመኔውን ነገር ነገርኳቸው። አንዳንዱ ሳቀ። ጊሊስ አልሳቀም።

አለቃው መለያውን አንስተው በብርሃን አዩት። እንዳመኑኝ ከፊታቸው አወቅኩ፤ ከሁሉ የከፋኝ ያ ነው። ካመኑኝ በኋላ መልሰው አስቀመጡት።

«ደንቡ የሚጠይቀው መለያው ሳህኑ ውስጥ መግባቱን ነው» አሉ። «በማን እጅ ገባ፣ በማን እጅ ቀረ፣ ደንቡ አያገባውም። እሱ የእርስዎና የሠራተኛዎ ጉዳይ ነው።»

«ክሬይን፣» አልኩ፣ «ዐይኔን አይተህ ንገራቸው።»

«እመቤቴ ደክሟቸዋል» አለ ለጫማው።

ከዚያ አለቃው የፈረሰውን ቦታ ለማን እንደሚሰጡት አነበቡ። ዘንድሮ ከሞቱት ሁሉ ሚስት ወይም ልጅ ያልተወ ስለሌለ ባዶ ቦታ የኔ ብቻ ነው። «ክሬይን ዊለምስ፣ ሰባት ዓመት በሠራተኛነት ያገለገለ» ተባለ። ከኋላዬ አንዱ ለጎረቤቱ «ለአማችማ ቦታ አይጠፋም» ሲል ሰማሁ። የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። የልብስ ማጠቢያ ገንዳው። ዲና። አለቃ ማቴውስ ልጃቸውን ለተራ ሠራተኛ አይድሩም፤ ለማኅበር አባል ግን ይድራሉ።

ከመውጣቴ በፊት ወደ ክሬይን ሄጄ «ካባው የባሌ ነው» አልኩት። በሃያ ሰው ፊት አውልቆ ሰጠኝ። ከሥሩ የለበሰው ሸሚዝ ባለፈው ፋሲካ እኔ የሰፋሁለት ነበር። እሱን ተውኩለት።


ኦክቶበር 22፣ ረቡዕ

የክሬይን ጥግ ባዶ ነው። መሣሪያውን እኔ በሌለሁበት ወስዷል። የቅቤ ገንዳዋም የለችም።

ዳቦ ልገዛ ስሄድ በአለቃው ቤት መስኮት በኩል አለፍኩ። ገንዳዋ መስኮቱ ላይ ተቀምጣለች፣ ከነወፎቿ። ዲና ከውስጥ አየችኝና ሰላም አለችኝ፤ ምንም የምታውቅ አይመስለኝም። ሰላም አልኳት። ቤት ገብቼ የአንገት ጨርቁን እሳት ውስጥ ጨመርኩት። ከዚያ ጥሩ ጨርቅ ስለሆነ ተጸጽቼ በመቆስቆሻ ላወጣው ስታገል ጣቴን ተቃጠልኩ። እንዲህ ያለች ጅል ነኝ።


ኖቬምበር 11፣ ማክሰኞ

የልደት ቀኔ ነው። የሥራ ቤቴ በር ላይ የማኅበሩ ማሸጊያ ሰም ተለጥፏል።

ታኔከ ሳታንኳኳ ገባች። በዛጎሉ የተቀቀለ ትኩስ ሙስልና የአጃ ዳቦ ይዛ። «መልካም ልደት ልልሽ አልመጣሁም፣ ለሥራ ነው የመጣሁት» አለችኝ። ሁለቱም ሠራተኞቿ በትኩሳቱ ተሰናብተዋል፤ አንዱ ወደ ሚድልበርግ ከተማ፣ አንዱ ወደ መቃብር። ስድስት ልጅ አላት።

«እኔ ቦታ አለኝ፣ በርሜል መግጠም አልችልም። አንቺ ትችያለሽ፣ ቦታ የለሽም። ልጆቼ እንጨቱን ሊያነዱት ነው የቀራቸው።»

«በአንቺ ስም ልሥራ?»

«በሎይኒስ ስም። መለያው አለ አይደል!» አለችና ሙስሉን እየፈለቀቀች ቀና ብላ አየችኝ። «ሚና፣ ያን ቀን በመስኮት የቀለድኩት... አላወቅኩም ነበር እኮ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።»

«ቀልድ ነበር» አልኳት። ከዚያ አለቀስኩ። ከሊቨን ቀብር ወዲህ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። ታኔከ አፏ ወንፊት ነው ብዬ ጽፌ ነበር። ስለዚህ እንባ ግን ለማንም አልናገርም ብላኝ ሄደች።


ኖቬምበር 26፣ ረቡዕ

ከትናንት ወዲያ የታኔከ በር ሦስት ጊዜ ተመታ። ሁብረክት ሞቷል። የዘንድሮው የመጨረሻ ይሁን። ታኔከ መለያውን ማን እንደሚወስደው ስትጨነቅ «እኔ እወስደዋለሁ» አልኳት። «አብደሻል!» አለችኝ። ቀጥላ የሊቨንን ካባ በልኬ ታጠብብልኝ ጀመር።

ከምሳ በኋላ በሊቨን ካባ ሰልፉ ውስጥ ቆምኩ። ወንዶቹ ዞር ዞር ብለው አዩኝ፤ አንዱ «ምነው፣ ሚስቶቻችንን ሁሉ ይዘን እንምጣ?» አለ። ሌላው «ያንተዋ ብትመጣ ቢራው አይበቃንም» ብሎ አሳቃቸው። አለቃ ማቴውስ ከሬሳ ሳጥኑ አጠገብ መጡ።

«ወይዘሮ፣ ሴት ቀብር አትሸኝም።»

«ልማድ ነው እንጂ ደንብ አይደለም» አልኳቸው። «ደንቡ መለያውን እንጂ የማን እጅ እንደሆነ አይጠይቅም። ይሄን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ሃያ ሰው ሰምቶታል።»

ጊሊስ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

ከኋላዬ ክሬይን ነበር። በትንባሆው አወቅኩት። እጁ ላይ የሊቨን መለያ አለ። ስሙ በሞረድ ተፍቆ በላዩ የሱ ተቀርጾበታል፤ ናሱ የተፋቀበት ቦታ ስስ ነው፣ ጎድጎድ ብሏል። እሱን ሳይ ለአምስት ሳምንት የያዝኩት ቁጣ ሁሉ ጥሎኝ ሄደ፤ አንድ ያልተናገርኩት ነገር ብቻ ቀረኝ። እንዲህ ያለ ነገር በሬሳ ፊት አይነሳም፤ ግን ሌላ ቀን እንደማልናገረው አወቅኩ።

«ብትጠይቀኝ ኖሮ እኮ ሁሉም ያንተ ነበር» አልኩት በዝግታ። «ቦታውም፣ መለያውም፣ የሥራ ቤቱም። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልግህ። መስረቅ አልነበረብህም።»

ካሰረዘኝ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይኔን አየኝ።

«አውቃለሁ» አለ። «በትኩሳትሽ ጊዜ ነግረሽኛል።»

ሰባት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ሲለኝ ኖሮ ዛሬ «አንቺ» አለኝ። ያን ቀን መሬት መሬቱን ያየው አፍሮ አልነበረም። ስለ በርሜል አልነበረም ያወራሁት። ሁሉንም ከነእኔ በነጻ እንደሚያገኝ እያወቀ፣ እኔን ላለመውሰድ ብሎ ነው ከያስፐር በኋላ ሁለት ቀብር ሙሉ ናሱን ኪሱ ውስጥ ይዞ የቆመው።

እጄን እስከ አንጓዬ ኮምጣጤው ውስጥ አስገብቼ የሎይኒስን መለያ ከሳህኑ ወለል ላይ አስቀመጥኩ። ገና ያልሻረው የተቃጠለ ጣቴ አንገበገበኝ። ከቀብሩ በኋላ አለቃው ስሞቹን ሲያነቡ «ሎይኒስ» አሉ፤ «አለ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ስመለስ ታኔከ ደጅ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። እጄን ይዛ አሸተተችውና ወደ ውስጥ ገባን። ለነገ አሥራ ሁለት የጨው ሥጋ በርሜል አለብን።